የፊታውራሪ ጓንጉል ደቦ

ፊታውራሪ ጓንጉል ጤፍ ሊያሳጭዱ ደቦ ጠሩ። በዚያ አገር ወግ ደቦ የጠራ ሰው ማጭዱን ይዞ ከፊት ይገባል፤ ሌላው ይከተለዋል። እሳቸው ግን ማጭድ በእጃቸው ሳይነኩ ማሳው ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና በጭራ ዝንብ ያባርሩ ጀመር።

ፀሐዩ አናት ሲበሳ አጫጆቹ ዘፈናቸውን ተዉ፤ ክንዳቸው ዛለ። ፊታውራሪው ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ሳይነሡ ንግግር ጀመሩ።

«ስሙ! የፊታውራሪን ጤፍ እናጭዳለን አትበሉ፤ አገር እናቆማለን በሉ! ሥራ ትርጉሙን ላወቀ ሰው አይከብድም። እኛ እኮ አንድ አካል ነን። እኔ ራስ፣ እናንተ እጅ!»

ይኼኔ አንድ አፈኛ አጫጅ ከት ብሎ ሳቀ።

ፊታውራሪው ደማቸው ፈላ። «ያንን ባለጌ አምጡልኝ!» አሉ። አሽከሮቻቸው እየጎተቱ አቀረቡት።

«ምን አሳቀህ? አንድ አካል አይደለንም ካልህ ጅራፍ ይጠብቅሃል። ነን ካልህ ደግሞ የሚያስቅ ነገር የለም፤ በከንቱ ለሳቅኸው የቀረውን ማሳ ብቻህን ታጭደዋለህ!»

አጫጁ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ኧረ ነን፣ ጌታዬ! የሳቅሁትም ለዚሁ ነው። እጃችን ፀሐይ ላይ፣ ራሳችን ዋርካ ሥር! አንገታችን ተቆርጦ እንኳ ማጨዱን አለመተዋችን ገርሞኝ ነው። እባክዎ ማጭድ ይያዙና ይምጡ፤ ደማችን ፈሶ ሳያልቅ እንገጣጠም።»