አፉ የታሰረው ኮምፓይለር

ተረት ላወራችሁ ነው፤ የቸኮለ ይሂድ፣ ጆሮ ያለው ይቀመጥ።

ድሮ፣ እንስሳትና ዕቃ በአንድ ቋንቋ ሲግባቡ፣ በአንድ ደረቅ ቆላ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነበር። ፓምፑን የሚያዝ ኮምፒውተር፣ በኮምፒውተሩም ሆድ ከርነል የሚባል ንጉሥ ነበር። ንጉሡ የፓምፑን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ በመካከላቸው የሚመላለስ መልእክተኛ ያስፈልጋል፤ እሱን ድራይቨር ይሉታል።

ድራይቨሩን የጻፈችው እመት ጃርት ነበረች። የጻፈችውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ደግሞ ኮምፓይለር ነው፤ ሆዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ገብቶ አሠራሩን የሚያይበት፣ ዋጋ የማይጠይቅ ሠራተኛ።

ሥራው ሲጀመር ኮምፓይለሩ፣ «እመት ጃርት፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር...» አለ።

«ስህተት ነው?»

«ስህተትስ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«እንግዲያው ዝም በል! እንስሳው በጥም አለቀ፣ አንተ ታወራለህ!» ብላ ማስጠንቀቂያ እንዳይናገር አዘዘችው። ታዛዥ ነውና ዝም አለ።

ድራይቨሩ ገባ። ፓምፑ ጥቂት ሳበ። ከዚያ ንጉሡ በድንገት ወደቀ፤ ውሃውም ቆመ።

«ጥፋቱ የፓምፑ ነው!» አሉ እንስሳቱ። ፓምፑን ፈቱት፣ ጠረጉት፣ መልሰው ገጠሙት። ንጉሡን ቀሰቀሱት። ጥቂት ውሃ መጣ፤ ንጉሡ ወደቀ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የንጉሡ ነው፤ አርጅቷል!» አሉ። በአዲስ ንጉሥ ተኩት፣ ድራይቨሩንም ለአዲሱ እንደገና ሠሩለት። ኮምፓይለሩ አሁንም አፉን ዘግቶ ሠራ። ጥቂት ውሃ መጣ፤ አዲሱም ወደቀ።

በዚህ ጊዜ የሚዳቋ ግልገል ከእናቷ እግር ሥር ተኝታ መነሣት አቅቷት ነበር።

ዝንጀሮ ብድግ አለ። «የቀረው ኮምፓይለሩ ነው! በነጻ የመጣ ነገር፣ እንኳን ሌላውን ሊያጠጣ የራሱንም ከንፈር አያርስ! ወደ ገደል!»

«ወደ ገደል!» አሉ ሁሉም።

«ቆይ፣ አያ ዝንጀሮ» አለች እማማ ኤሊ። «የተከሳሹ ቃል ሳይሰማ አይፈረድም። ልጄ፣ ስትሠራ ያየኸው ነገር የለም?»

«እንዳልናገር ታዝዣለሁ፣ እማማ።»

«ማን አዘዘህ?»

ኮምፓይለሩ ዝም አለ።

የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ገደሉም ቅርብ ነበር። ግልገሏን አየቻት። ምላሷ ደርቋል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በል፣ ያየኸውን ተናገር።»

«መልእክተኛሽ የፓምፑን ወሬ የሚቀበለው በሲኒ ነው። ፓምፑ ወሬውን የሚቀዳለት ግን በእንስራ ነው። የተረፈው በንጉሡ አልጋ ላይ ይፈስሳል። ንጉሥ ደግሞ በረጠበ አልጋ አይቀመጥም።»

«ይኸው ነው?» አለ ዝንጀሮ።

«ይኸው ነው።»

ጃርት ሲኒውን በእንስራ ለወጠች። «አሁንስ?» ብላ ጠየቀች።

«አሁን የምለው የለኝም።»

ድራይቨሩ ገባ። ውሃው መጣ፤ እስኪመሽም አልቆመም።

ሚዳቋ ወደ ጃርት ቀርባ፣ «ልጄን ልትገድይብኝ ነበር» አለቻት።

«አዎ» አለች ጃርት።

ሚዳቋ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ውሃው ወሰደቻት።

ዝም በል የተባለ ማስጠንቀቂያ በአፉ ባይናገር በውድቀት ይናገራል። ተረቴ እዚህ ቆመ፤ የሰማ ለቤቱ ይያዝ።