የቡሊት ዕረፍት

አያ አንበሶ በሚገዙት ጫካ፣ ውሃ ከገደሉ ሥር ቀድታ ወደ ኮረብታው የምታወጣው ሴቷ አህያ ናት። ወንዶቹ አህዮች ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ አሳብ ከባድ ነው ተብሎ ጀርባቸው ላይ ሌላ ነገር አይጫንም። ጫካው ሰላም ነው። ሰላም አይደለም ያለው ሁሉ ለአያ አንበሶ ምሳ ስለሆነ የሚከራከር የለም።

በዚያ ሰሞን የሴቶቹ አዋጅ መቶኛ ዓመት ይከበር ነበር። ከአዋጁ በፊት መንገድ ላይ የወለደች አህያ ጭነቷ አይወርድላትም ነበር፤ ውርንጭላዋንም ጅብ ይወስድባት ነበር። ዛሬ ግን ጭነቷ ይወርዳል። እናት ሥራ ስትውል ልጇን የሚጠብቅላት ሹምም አለ። ሹሙ አያ ጅቦ ነው። የተሾመው ልምድ ስላለው ነው።

የምስጋናውን ንግግር እንድታደርግ የታዘዘችው አህያዋ ቡሊት ነበረች። ሆዷ ገፍቷል፣ ወገቧ ተቆርጧል። ከዚህ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ለአያ ጅቦ አስረክባ፣ ማታ ስትመለስ "ታመው ሞቱ" ተብላለች። የአሁኑን ላትሰጥ ምላለች።

"ጌታዬ" አለች አያ አንበሶ ፊት ቆማ፣ "ስለ ሁሉም እናመሰግናለን። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ልጄ ከኋላዬ እየተከተለ ውሃ ልቅዳ። ጭነቱን እጥፍ አድርጉት፣ ግድ የለኝም።"

አፈ ጉባኤዋ እመት ቀበሮ ሳቅ አለች። "አይ ቡሊት! ቅድመ አያትሽ እንስራ እንደተሸከመች ወልዳ፣ ዞር ብላ ሳታይ ነው ዳገቱን የጨረሰችው። አንቺ ዛሬ በሸንጎ ትናገሪያለሽ። ልጅ እየጎተታችሁ እንዳትለፉ ሞግዚት ሾምንላችሁ። ይሄንን መብት ልትመልሺልን ነው?"

"ሞግዚቱ ጅብ ነው እኮ፣ እመት ቀበሮ!"

"የማለ ጅብ ነው" አለች ቀበሮ። አያ ጅቦ የተከፋ መስሎ አንገቱን ደፋ።

የቡሊት ባል ዳማ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ "ኧረ በናትሽ አታዋርጂኝ! አመስግኚና ውረጂ" አላት።

ድምፅ ተሰጠ። ወንዶቹ ጆሯቸውን አቆሙ፤ ልመናዋ ወደቀ። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ስለነበር አልተቆጠሩም። አያ አንበሶም "ሕዝቡ ወሰነ" ብለው አዛጉ።

ምጡ እዚያው ያዛት። ሴት ውርንጭላ ወለደች። በበዓሉ ቀን መሆኑ ሸንጎውን ደስ አሰኘው። እመት ቀበሮ አዋጁን አነበበች፦ እናት፣ ልጇ በእግሯ እስክትቆም ድረስ ታርፋለች፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ወደ ጠባቂዋ፣ እናት ወደ ውሃዋ።

ውርንጭላዋ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ልትነሳ ስትል፣ ቡሊት በአፍንጫዋ ገፍታ ጣለቻት። እንደገና ስትነሳ እንደገና ጣለቻት። "ተኚ ልጄ። ተኚ የኔ እናት" ትላታለች በጆሮዋ። ወንዶቹ የምትልሳት መስሏቸው "በርቺ! በርቺ!" እያሉ ውርንጭላዋን ያደፋፍራሉ። ቡሊት በመጨረሻ አንገቷን በላይዋ ጣለችባት። ምን ያደርጋል፣ የእንግዴ ልጇ እንኳ ገና አልወረደም፤ አንገቷ ዛለ። ውርንጭላዋ ከሥሩ ሾልካ ወጣች፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች።

ሸንጎው በጩኸት ተናወጠ። ዳማ "የኔ ልጅ እኮ ናት!" እያለ አለቀሰ። ቡሊት መነሳት አቅቷት "ወደዚህ ነይ፣ ወደ እኔ" ብትልም ማንም አልሰማትም። ውርንጭላዋ ጡት ፍለጋ ግራ ቀኙን አሸተተች። ከሁሉም ቀርቦ የቆመው አያ ጅቦ ነበር። ሄዳ ከሆዱ ሥር ገባች።