ዳኛ ፍለጋ

ዳኛ ማለት ሁለት ሰዎች ሲሟገቱ ከማንኛቸውም ወገን ሳይሆን በመካከላቸው የሚቀመጥ ሰው ነው። ከጠረፍ ማዶ በነበረች አንዲት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ግን፣ በሰው እጥረት ምክንያት፣ ሹሙ ጠዋት እንደ ፖሊስ አዛዥ ይዘው ይከስሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ቀይረው ይፈርዳሉ። ይህ አሠራር ይታረም የሚል አቤቱታ ሲደርሳቸው በጣም ተቆጡ።

ከአቤቱታ አቅራቢዎቹ አንዷ ከሐበሻ አገር የተሻገረች ውሃ ሻጭ ነበረች። አህያዋ መንገድ ዘጋ ተብሎ ከተያዘባት ሳምንት ሆኗታል፤ ያለ አህያዋ ጦም ማደሯ ነው።

«በይ፣ የሚታረመውን ተናገሪ» አሏት ሹሙ ከችሎቱ ወንበር ላይ ሆነው። «ችሎቱን ከዘለፍሽ ግን አህያሽ ይወረሳል፤ አንቺም ትታሰሪያለሽ።»

ሴትዮዋ እጅ ነሳች።

«ምን ቆርጦኝ እዘልፋለሁ፣ ጌታዬ? በአገሬ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። የምለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።» የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችላቸው። «ከሳሼ እርስዎ ነዎት፤ ይውረዱና እንቆራኝ። ከዚያ አብረን ዳኛ እንፈልጋለን።»

ሹሙ አልወረዱም። አህያው የዚያኑ ዕለት ተለቀቀ። አቤቱታውን የሚያጠና ኮሚቴም ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ጸሐፊውም ሹሙ ሆኑ።