ጨው የሚጠብቀው ፓቻዲ

ጎዳቬሪ ወንዝ ዳር ባለችው ፑላፓሌም በምትባል የቴሉጉ መንደር፣ ኡጋዲ በሚሉት የዘመን መለወጫ ጠዋት፣ ፓቻዲ የተባለው የበዓል ማባያ ዛሬም አንዳንድ ዓመት መጀመሪያ ጨው ሳይገባበት ነው የሚቀርበው። እንግዳ ሰው ባልትና የጎደላት ሴት የሠራችው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ፓቻዲ ስድስት ጣዕም አለው፤ የጥቁር ስኳሩ ጣፋጭ፣ የሁመሩ ኮምጣጣ፣ አፍ የሚያኮማትረው ጥሬ ማንጎ፣ የሚያቃጥለው ቃሪያ፣ ጨው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መራራው የኒም አበባ። መጪው ዓመት ከነክፉው ከነደጉ ይቀመሳል ማለት ነውና አንዱ ከጎደለ በዓሉ በዓል አይሆንም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ በመንደሯ ማንጋማ የምትባል በባልትናዋ የተመሰከረላት ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት ግን፣ በዚያን ጊዜ ልማድ የመበለት እጅ ለበዓል ገድ የለውም ተባለና ጎረቤቱ ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። ማንጋማም ጓዳ ገብታ ቀረች፤ መናገርም ተወች። ምራቷ ኑካማ ብትለምናት ብታባብላት አልሆነላትም። እንደ እናት የተቀበለቻት ሴት በቁሟ ስትቀበር ማየት አንጀቷን ያሳርራት ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ ብርቱ ነፋስ ከበረዶ ጋር መጣና የመንደሩን የኒም አበባ ሙልጭ አድርጎ አራገፈው። የተረፈው በማንጋማ ጓሮ፣ በረጅም ግንብ የተከለለው ዛፍ ብቻ ነበር። ይኼኔ ያቺን ደጅ ሲሸሹ የከረሙት ሁሉ አንገታቸውን እያሰገጉ ግንቡን ያዩ ጀመር። በበዓሉ ጠዋት የመንደሩ ሽማግሌ ፔዳያ ባዶ ሰፌድ ይዘው ከደጁ ቆሙ።

«ልጄ፣ እባክሽ ትንሽ አበባ ስጪን» አሏት።

«አበባ እንኳ አልሰጥም አባባ» አለች ኑካማ። «ፓቻዲውን ግን እሠራለሁ። የፈለገ እዚህ ገብቶ ይብላ።»

ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እሳቸው ሲገቡ ሌላውም እያፈረ ተከተለ።

ኑካማ አምስቱን ጣዕም በትልቅ ሸክላ አዋሐደች፤ ጨዉን ግን ሆን ብላ ተወችው። ከዚያም የመጀመሪያውን ማንኪያ ይዛ ጓዳ ገባች። ማንጋማ ፊቷን ብታዞርም ምራቷ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላለችም፤ በመጨረሻ እንደ ምንም ቀመሰችና ፊቷ ተኮሳተረ።

«ይኼን ነው ለሰው የምታቀርቢው?» አለች። «ጨው የለውም እኮ።»

«መጠኑን አላውቀው ብዬ ነው እማማ» አለች ኑካማ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

ማንጋማ እያጉረመረመች የልብሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ብድግ አለች፤ ቤቱን በሞላው ሰው መካከል አልፋም ጨዉን በገዛ እጇ ቆንጥራ ጨመረችና አማሰለች። የመበለት እጅ የነካው ያ ፓቻዲ እስከ ሸክላው ቂጥ ተጠርጎ ተበላ፣ ኑካማም ደስታዋን የምትደብቅበት አጣች ይባላል።

ዛሬ በፑላፓሌም፣ በዓመቱ ሐዘን የገባበት ቤት ካለ፣ መንደርተኛው በኡጋዲ ጠዋት ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ጨው የሌለው ፓቻዲ ለሐዘንተኛዋ እመቤት ይቀርብላትና ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል። እሷ «ጨው የለውም» ብላ እጇን እስክትዘረጋ ድረስ በዚያ መንደር አዲሱ ዓመት አልገባም።