ለፍየሎች የጮኸው በሬ

ተረት ስል «እንስማ» በሉኝ። እሺ፣ ጸጥ በሉ።

በዱሮ ዘመን፣ ሣሩም ቅጠሉም የአንበሳ በነበረበት ጊዜ፣ ዳለቻ የምትባል ፍየል ነበረች። ድርቅ ገባና ጡቷ ነጠፈ። ግልገሏ ይጠባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። እሷም ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

አንበሳ ወር በገባ ቁጥር ለየወገኑ አንድ የግጦሽ ቦታ ይፈቅዳል። ወገኑም ነገረ ፈጅ መርጦ ይልካል። ፍየሎች የሚመርጡት በድምፅ ነበር፤ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ አብልጦ የጮኸ እሱ ይላካል። ምን ብሎ እንደጮኸ የሚጠይቅ የለም።

እነሱን ተጠግቶ የሚኖር ቦራ የሚባል በሬ ወጣና ጮኸ። ሸለቆው ተናወጠ።

«ይሄ ነው የኛ!» አሉ ፍየሎች።

ቦራ ሄደ።

«ፍየሎች ምን ይሻሉ?» አለ አንበሳ።

«ለምለም መስክ።»

ተሰጠ። ፍየሎቹ ሣሩን ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ቦራ ወፈረ።

ወር ገባ። ቦራ ጮኸ፣ ተመረጠ፣ ሄደ።

«ፍየሎች ምን ይሻሉ?»

«የረግረጉን ዳር ሣር።»

ተሰጠ። የፍየሎቹ እግር ራሰ፣ ሆዳቸው አልሞላም። ቦራ ወፈረ።

«አያ ቦራ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። እኛ እኮ ቅጠል በሊታ ነን» አለች ዳለቻ።

«ስለናንተ ስጮህ ጉሮሮዬ ቆሰለ፣ እመት ዳለቻ! ደግሞ ከሣር የሚበልጥ ምን አለ?»

ውሸቱን አልነበረም። ለበሬ ጥጋብ ማለት ሣር ነው።

ሦስተኛው ወር ገባ። ቦራ ቋጥኙ ላይ ሊወጣ ሲል ዳለቻ የግራር ቅርንጫፍ ከነእሾሁ ፊቱ ጣለች።

«ስለ ሆዳችን የሚናገር አስቀድሞ ከኛ ጋር ይብላ» አለች።

ቦራ ጎረሰ። እሾሁ ምላሱን ወጋው።

«ይሄን ደግሞ ማን ይበላል!» ብሎ ተፋው።

ፍየሎቹ ተያዩ።

«እኛ» አለ አንድ ሽማግሌ ፍየል፣ ቀስ ብሎ።

ዳለቻን ላኩ። ድምፅዋ ቀጭን ነውና አንበሳ አልሰማትም።

«ቅረቢ» አላት።

ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ እሾሃማውን ኮረብታ ይስጡን።»

«ማንም የማይፈልገውን? እስከ ዛሬ ስለምን አልጠየቃችሁም?»

«ጠይቀን ነበር ጃንሆይ፤ በበሬ አፍ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሣር ማን በላው?»

አንበሳ አሻግሮ የቦራን ሽንጥ አየና ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ወዲያ ቦራን ያየው የለም።

ፍየሎቹ ኮረብታው ላይ ወጡ። የዳለቻ ጡት አጋተ፤ ግልገሏም ጠብቶ ተኛ።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ቆራሽ ስትመርጡ ጉሮሮውን ብቻ አትዩ፤ የሚበላውንም እዩ። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ፍሬውን እናንተ ያዙት።