ለፕሮፌሰሩ የታሰበው ቀሚስ

የባለቤቴ መርዶ በደረሰኝ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በለቅሶው መሃል ይህን ጨዋታውን አንስተው ሳቁ፤ እኔም እንዳይረሳ ጻፍኩት።

ባለቤቴ የአንድ የምርምር ተቋም ሹፌር ነበር። እዚያ «ሴቶች ለምን ወደ ምርምር አይመጡም?» ብለው የሚያጠኑት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ ኃላፊው ፕሮፌሰር በመሃላቸው አንድም ሴት አለመኖሯ ታወሳቸውና ባልደረቦቻቸው ባሉበት ባለቤቴን ጠሩት።

«ሚስትህን አምጣና መሃላችን ትቀመጥ። ግን ትንፍሽ እንዳትል! እምቢ ካልክ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

«ፕሮፌሰር፣ እሷን ዝም ማሰኘት ለእኔም አልሆነልኝ። ይልቅ ቀሚሷን ላምጣልዎትና ጢምዎን ተላጭተው እርስዎ ይልበሱት። ትንፍሽ ሳይሉ ከዋሉ፣ ሴቶቹ ለምን እንደማይመጡ ማታ ይገባዎታል።»

ባልደረቦቻቸው በሳቅ ፈነዱ፤ ፕሮፌሰሩም ሊያባርሩት አፈሩ።

ቀሚሱ ዛሬም ተሰቅሏል፤ እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። አንባቢዎቼ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።