ተከተሉኝ ያለው ጨርቅ ነጋዴ

የእድሩ ዳኛ አሥራደ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ወደ ጋሽ ይርዳው ቤት መጥቶ ተቀመጠ።

«ጋሽ ይርዳው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «የእድሩን አዳራሽ ረግረጉ ላይ እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን መሠረቱ ውሃ እያቆረ ነው። አባላቱ ግን ድንጋይ እየተሸከሙ ይኸው ይከተሉኛል። ተሳስቼ ቢሆን ይህ ሁሉ ሰው ይከተለኝ ነበር? ደግሞስ ተሳስቻለሁ ብል ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማኛል?»

ጋሽ ይርዳው እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ሐኪሙ «ወይ ሩጥ፣ ወይ ተናዘዝ» ቢለው ሩጫውን መረጠ። ከተማው ሐይቅ ዳር ስለነበረ በየዓመቱ ሕዝቡ የሚወጣበት ሩጫ አለ። ከሜዳው ይነሣና በጥዱ ደን ውስጥ ያልፋል፤ ኮረብታዎቹን ይወጣል ይወርዳል፤ ሐይቁን በቀኝ እያየ ዞሮ እዚያው ሜዳ ላይ ያበቃል። ነጋዴውም በየዓመቱ ይሮጣል፤ የሚያየው ግን የሰው ጀርባ ብቻ ነው። አንዱን ጀርባ እንደምንም ሲያልፍ ሌላ ጀርባ ይመጣል። «አንድ ቀን እንኳ ከፊቴ ሰው ሳይኖር ብሮጥ» እያለ ይመኝ ነበር።

አንድ ዓመት ምኞቱ ደረሰለት። በዚያን ጠዋት ከሐይቁ የተነሣ ጉም ደኑን ሸፍኖታል። ነጋዴው እያለከለከ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ሲደርስ በየዛፉ ላይ ለምልክት የሚታሰረው ቀይ ሪባን የለም። ፍየል ትብላው፣ ነፋስ ይውሰደው፣ የሚያውቅ የለም። የቀኙ መንገድ ዳገት ነው። የግራው ቁልቁለት ነው። ነጋዴው ትንሽ አሰበ፤ ብዙም አላሰበም። እግሩ ወደ ቁልቁለቱ ይዞት ሄደ።

ጥቂት እንደሮጠ ከፊቱ ማንም እንደሌለ አየ። «ለካ እነዚያ ፈጣኖቹ መንገድ ስተዋል!» አለ በሆዱ። «ምስኪኖች!» ከኋላው የእግር ኮቴ ሰምቶ ዞር ቢል አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ አንድ የትራፊክ ፖሊስ፣ ከእነሱም ኋላ ብዙ ሰው ከጉሙ ውስጥ እየወጣ ይከተለዋል።

«ጋሼ፣ መንገዱ ይሄ ነው?» አለችው ነርሷ።

«ተከተሉኝ!» አላት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲለው በጣም ደስ አለው።

ጉሙ ሲገፈፍ ሐይቁ ብቅ አለ። በግራ ነው። ነጋዴው ሐይቁ በቀኝ መሆን እንዳለበት ያውቃል። ሊቆም አሰበና ዞር ሲል ያን ሁሉ ሰው አየ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ ዓይን የለውም እንዴ? ስህተት ቢሆን አንዱ አይናገርም?» ብሎ ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ። ነርሷም ሐይቁን አይታዋለች፤ ግን «ሰውዬው እንዲህ የሚበረው ቢያውቅ ነው» ብላ ተከተለች። ፖሊሱ ደግሞ ነርሷን አምኖ ነው።

ከደኑ እንደወጡ አንድ ገበሬ ያርስ ነበር። ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ ዓይኑን አፍጥጦ ሲመጣበት አይቶ «ምን መጣ?» ብሎ ጮኸ። ትንፋሽ ተርፎት የሚመልስለት ሰው አልነበረም። ገበሬው ጅራፉን ጥሎ አብሮ ሮጠ። ታች ሐይቁ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ገበሬው ሲሮጥ አዩ። ጅብ ቢመጣ እንኳ ንቅንቅ የማይል ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ እነሱም ተነሥተው ሮጡ።

ነጋዴው እንደገና ዞር አለ። «ይኸውና!» አለ። «ሰው እየጨመረ ነው!»

መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ደንገል ውስጥ ገባ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከአጣቢዎቹ አንዷ ልጇን አዝላ፣ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ተሸክማ ከጎኑ ደረሰች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ፣ ምን እንደመጣ ንገረኝ» አለችው። «ሳፋውን ልጣለው? ልጄን ይዤ አመልጥ ይሆን?»

ነጋዴው ፊቷን ሲያይ ቆመ። ከኋላው ያለው ሁሉ እርስ በርሱ እየተላተመ ቆመ።

«ምንም አልመጣም» አለ። «ጠፍቻለሁ። ከመገንጠያው ጀምሮ መንገዱን አላውቀውም። ሐይቁ በግራ ብቅ ሲል ደግሞ መጥፋቴን አውቄ ነበር።»

እንቁራሪቶች ብቻ ይጮኻሉ።

«ታዲያ እኔ ለምንድን ነው የምሮጠው?» አለ ገበሬው።

«እኔ እንጃ።»

«በሬዎቼን ከነቀንበራቸው ትቼ!»

«ተከተሉኝ አላልክም?» አለ ፖሊሱ።

«ብያለሁ።»

ፖሊሱ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሳቅ አመለጠው። የሳቀም ነበረ፣ የተሳደበም ነበረ። ከዚያ ሁሉም ዞሩ። ሲዞሩ፣ ከሁሉ ኋላ የነበረ አንድ ወፍራም የጠጅ ቤት ባለቤት ድንገት ፊተኛ ሆነ። ደረቱን ነፍቶ «ተከተሉኝ!» ቢል ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «መንገዱን ታውቀዋለህ?» አለው።

ነጋዴው ሳፋውን ከሴትዮዋ ተቀብሎ በራሱ ተሸክሞ እስከ ማጠቢያው አደረሰላት። ጭቃ የነካውንም ልብስ አብሯት ሊያለቀልቅ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጥ ጨርቅ አጥቦ አያውቅም። አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ሲጨምቅ እጁ ሰማያዊ ሆነ።

«ጨርቁን ከአንተው ሱቅ ነው የገዛሁት» አለችው። «አይለቅም ብለኸኝ ነበር።»

ነጋዴው እጁን አየ። «ይለቃል» አለ። «ስሸጥልሽም አውቅ ነበር።»

ይኸኛው ኑዛዜ ከመጀመሪያው ቀለለው።

ሜዳው ላይ የደረሰው የሩጫው ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ነው። ገበያተኛው ለብዙ ጊዜ «ጋሼ፣ ሱቅዎ በግራ ነው በቀኝ?» እያለ ቀለደበት። ሴቶቹ ግን ሱቁ ገብተው «ይለቃል?» ሲሉት «ያኛው ይለቃል፣ ይሄኛው አይለቅም» ይላቸዋል። አይለቅም ያለውንም ሳይከራከሩት ይገዙታል።

ጋሽ ይርዳው ይህን ብለው ወደ አሥራደ ዞሩ።

«ያ ነጋዴ አንተ ነህ። ሰዎቹ የሚከተሉህ መንገዱን አይተው አይደለም፤ አንተን አይተው ነው። አንተ ደግሞ እነሱን እያየህ ልክ ነኝ ትላለህ። እንዲህ ከሆነ መንገዱን የሚያይ ማን ነው? ውሃውን በዓይንህ አይተኸዋል። ብትነግራቸው ይስቁብሃል፣ ይሰድቡሃል። ሌላ ቀን ግን ‹ይህኛው መሬት ደረቅ ነው› ስትላቸው ያምኑሃል።»

«ልክ ነዎት» አለ አሥራደ። «እሑድ ስብሰባ ላይ እነግራቸዋለሁ።»

«እሑድ? ነገ ጠዋት ድንጋይ የመሸከም ተራው የማን ነው?»

«የእርስዎ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ተነሥ፣ አሁኑኑ ሂድና ንገራቸው» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ልጁን ወገቡን ያመዋል።»